የአባቴ ጀሪካኖች

ማክሰኞ፣ ሜይ 18፣ 1999፣ ሐደራ፣ እስራኤል

አባቴ ከትናንት ጀምሮ ጀሪካን ሲሞሉ ነበር። ከጎንደር ከመጡ ገና ሁለተኛ ዓመታቸው ነው፤ ምርጫ ሲያዩ የመጀመሪያቸው። በእሳቸው ዕድሜ መንግሥት ሲለወጥ ውሃ ተቀድቶ፣ ዱቄት ተሸሽጎ ነው የሚጠበቀው። ትናንት ማታ ሮሽ መምሻላው፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ፣ መሸነፉን በቴሌቪዥን ሲናገር ብድግ ብለው በሩን ቆለፉ።

«የት አሰሩት?» አሉኝ።

«ቤቱ ይሄዳል እንጂ ማን ያስረዋል፣ አባ?»

አላመኑኝም።

ዛሬ ጠዋት ወደ ሹክ፣ ወደ ገበያው፣ ይዣቸው ሄድኩ። ቲማቲም ሻጫችን የመረጠው የተሸነፈውን ነው፤ አሸናፊውን ጮክ ብሎ እየረገመ ይመዝናል። አባቴ ፖሊስ መጥቶ እስኪወስደው ቆመው ጠበቁ። ማንም አልመጣም። እንዲያውም ፌስታል ሲያልቅበት፣ ያቀበለው ከጎኑ የሚሸጠው ጎረቤቱ፣ የአሸናፊው ደጋፊ ነው።

ወደ ሰፈራችን ወደ ቤት ኤሊዔዘር ስንመለስ አውቶቡስ ላይ፣ «መሪ አገር የሚሠራው ሲገባ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ሲወጣም ይሠራል» አሉ። ቀጥለውም ጠየቁኝ፣ «የፊተኞቹም እንዲህ በሰላም ነው የወጡት?»

«ብዙዎቹ» አልኳቸው። ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚህም መሪ በጥይት መገደሉን አልነገርኳቸውም። አንድ ቀን መንገር አለብኝ። ዛሬ ግን አልቻልኩም።

ቤት ስንደርስ በጀሪካኖቹ ውሃ የሕንፃውን አበቦች አጠጡ። አንዷን ጀሪካን ብቻ አስቀሩ።

«ይቺስ ለሚቀጥለው ምርጫ ናት?» አልኳቸው።

«ለሻይ ናት» አሉና በሩን ሳይቆልፉ ገቡ።