ትርፍ ተብሎ ስለተቆለፈበት ጎማ

ይድረስ ለክቡር የጤና ጽሕፈት ቤታችን የንብረትና ስምሪት ኃላፊ
ግልባጭ፦ በግቢው አጥር ላይ ተለጥፎ ለሚያነበው ሁሉ

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? ያ የሚያስቸግርዎ የወገብ ሕመም ተሻለዎት? ቢሮዎ ፎቅ ላይ መሆኑን፣ ደረጃውም ለወገብ ደግ እንዳልሆነ ስለማውቅ ሁልጊዜ አስብልዎታለሁ። እኔ አለሁ። እጄ ለመጻፍ ስለሚዘገይ፣ ትምህርቴም ከፊደል ብዙ ያልራቀ ስለሆነ፣ ስህተት ቢያገኙ በትዕግሥት ይለፉኝ። የሰው ችግር ሲነገርዎ እስከ መጨረሻው ሳይነቃነቁ መቀመጥ እንደሚችሉ ሾፌሮቹ ሁሉ ይመሰክሩልዎታል።

እኔ ነጩን የገጠር ሰርቪስ ይነዳ የነበረው ሾፌር እናት ነኝ። ሾፌሮችዎ ብዙ ስለሆኑ ላያስታውሱት ይችላሉ። ረጅሙ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍነው፣ ባልደረቦቹ «ቀስ በል» እያሉ የሚጠሩት ነው። ስሙ የወጣለት በፍጥነቱ ተገሥጾ አይደለም፤ ሌላውን ሾፌር ባየ ቁጥር «ቀስ በል፣ የሰው ልጅ ጭነሃል» ማለት ስለሚያበዛ ነው።

ምስጋናዬንና ቅሬታዬን በተራ ቁጥር አስቀምጣለሁ። ቁጥር የሌለው ማመልከቻ እርስዎ ዘንድ አይነበብም ብለውኛል።

አንደኛ፣ ስለ አንዲት ቃል። ባለፈው ዓመት ሰባራ ወንበርና እግር የሌለው ጠረጴዛ ኮሪደሩን ስለዘጋው «ትርፍ ንብረት ሁሉ ተለቅሞ መጋዘን ይግባ» የሚል ትእዛዝ አወጡ። ደግ ትእዛዝ ነበር። የመጋዘን ኃላፊው ወንበሮቹን ለቅሞ ሲጨርስ ግን ወደ መኪናዎቹ ዞረ። ከመኪናው ሥር የሚታሰረው መቀየሪያ ጎማ በሰው አፍ «ትርፍ ጎማ» ይባላል። ትርፍ ከተባለ ትርፍ ነው አለና ከየመኪናው ሆድ እየፈታ መጋዘን አስገብቶ ቆለፈበት። ልጄ ያን ቀን ከሥራ ሲመለስ «እማዬ፣ ሐኪሞቹን ምከሪያቸው፤ ነገ ደግሞ ትርፍ አንጀታችሁን አስረክቡ መባላቸው አይቀርም» አለን። አዋላጅ የሆነችው እህቱ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ክቡርነትዎ ግን አልሳቁም። ሾፌሮቹ ተሰብስበው ስህተቱን ቢያስረዱዎት «የወጣ ትእዛዝ ተመልሶ አይገባም፤ ደግሞም ጎማ እየተሰረቀ አስቸግሮናል» አሉ። እውነትዎን ነው፤ ከዚያ ወዲህ አንድም ጎማ አልተሰረቀም። ለዚህ ከልብ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፣ በጎማው ፋንታ ስላደሉት ጣሳ። ውስጡ አረፋ አለው፤ ጎማ በሚስማር ሲበሳ ይረጩበትና ቀዳዳውን ይደፍነዋል። የጎማው ጎን ሲቀደድ ግን አይሠራም። ይህ በጣሳው ላይ በሥዕል ጭምር ስለተመለከተ ለእኔ ዓይነቷም ሴት ገብቷታል። ጣሳው ከልጄ ሹራብና ከጫማው ጋር ተሰጥቶኛል። ባዶ ነው። እንደማይሠራ እያወቀ ሁሉንም ረጭቶታል ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ ስልኩ። ክትባት ሰጪዎቹን ይዞ ሲመለስ፣ ከዳገቱ ወርደው በሚታጠፉበት ጠባብ ቦታ ላይ ስለታም ድንጋይ የጎማውን ጎን ሰነጠቀው። ወደ ስምሪት ክፍልዎ ደወለ። የተሰጠው መልስ አብረውት የነበሩት ሁሉ የሰሙት ስለሆነ እንዳለ እጽፈዋለሁ፦ «ጎማው መጋዘን ገብቷል። ለማውጣት ደብዳቤ ያስፈልጋል። የሚፈርሙት ኃላፊ ስብሰባ ላይ ናቸው። አንተ መኪናውን ትተህ ንቅንቅ እንዳትል!»

በዚያ የሚያልፍ አንድ የጭነት መኪና ክትባት ሰጪዎቹን አሳፈራቸው። ከእነርሱ አንዷ፣ በዕድሜ የገፉት ነርስ፣ እጅጌውን ይዘው «ና ውጣ አንተ ልጅ! ብረት አይደል እንዴ፣ ማን ተሸክሞ ይሄዳል?» ብለውት ነበር። «አይ እትዬ፣ አንድ ነገር ቢጎድል የምጠየቀው እኔ ነኝ» አላቸው። እነርሱ ሲርቁ ከመኪናው ኋላ ድንጋይ እየደረደረ፣ ቅጠል እየቆረጠ ለሚመጣው ሰው ምልክት ሲያደርግ አይተውታል። ከዚያ ለእኔ ደወለ። «እማዬ፣ እንዳትጠብቂኝ። ዛሬ እኔም ትርፍ ሆኛለሁ፤ የሚያወጣኝ ደብዳቤ እየጠበቅሁ ነው» ብሎ ሳቀ። አፉን በእጁ ሸፍኖ እንደነበር በድምፁ አውቄዋለሁ። ቀጥሎ «ጉም እየወረደ ነው፣ ልዝጋው» አለኝ።

በጉሙ ውስጥ ከዳገቱ የወረደው የአሸዋ መኪና ሾፌር ድንጋዮቹንም ቅጠሉንም አላየሁም ብሏል። አምነዋለሁ።

ስብሰባው ስለ ምን እንደነበር በትሕትና ጠይቄ ነበር። ስለ ንብረት አጠባበቅ እንደነበር ነገሩኝ። በእርግጥም ጎማው ደህና ነው። ሄጄ በመጋዘኑ መስኮት አይቼዋለሁ፤ ከሰባራዎቹ ወንበሮች ላይ ተጋድሟል፣ ጥርሱ እንኳ ገና አልተነካም።

አራተኛ፣ ስለ መተካት። ጥቁር ልብሴ ገና ሰውነቴን ሳይለምደው በልጄ ቦታ ሌላ ሾፌር እንደተቀጠረ ሰማሁ። ሥራ መበደል ስለሌለበት አልተቀየምኩም። ነገር ግን ሰውን ለመተካት ይህን ያህል የፈጠነው ፊርማ ጎማን ለመተካት እስከ ዛሬ እንዳልደረሰ ስመለከት፣ በእርስዎ ዘንድ የቱ እንደሚረክስ ተማርኩ። ትምህርቴ ትንሽ ነው ብዬዎት የለ? ይህችንስ ጨምረውልኛል። እኔ ቤት ግን ትርፍ ልጅ አልነበረኝም፤ አሁንም የለኝም። የቀረችኝ አንዲት ሴት ልጅ ነች።

አምስተኛውና ይህን ወረቀት ያስጻፈኝ ጉዳይ ይህ ነው። ነጩ መኪና ከጋራዥ ወጥቷል። ጎኑ ተቀጥቅጦ ቀለም ተቀብቷል፤ ያላወቀ ሰው አዲስ ነው ይለዋል። አጎንብሼ ሥሩን አየሁት። ጎማው የሚታሰርበት ቦታ እንደ ተነቀለ ጥርስ ባዶውን ነው። የማሰሪያው ሰንሰለት ብቻ ተንጠልጥሏል፤ መኪናው ሲንቀሳቀስ ሥሩን እየመታ ይንኳኳል። ጠዋት ጠዋት በቤቴ ደጃፍ ሲያልፍ እሰማዋለሁ። የቆመባቸው አራቱ ጎማዎችም እንደ መላጣ ራስ ለስልሰዋል። ዝናቡ ጀምሯል፤ ሾፌሮቹ እንደሚሉት ጎርፉ ከላይ ስለታም ድንጋይ እያወረደ በዚያው መታጠፊያ ላይ ይቆልላል። ጉሙም ከቀን ወደ ቀን ቀደም ብሎ መውረድ ጀምሯል።

አዲሱን ሾፌር ለምን አትናገርም አልኩት። ዞር ዞር ብሎ አየና «እትዬ፣ አፌን ከከፈትኩ እኔንም ትርፍ ነህ ይሉኛል። ልጆች አሉኝ» አለኝ። አልፈረድኩበትም። መሪውን ከመያዙ በፊት ግን አራቱንም ጎማዎች እየዞረ በእጁ ዳሰሳቸው።

በሚመጣው ሐሙስ ይህ መኪና በዚያው መንገድ ይወጣል። ከሚሳፈሩት አንዷ ልጄ ናት፤ ከላይ ያለው ጤና ጣቢያ አዋላጅ የለውም። እንዳትሄድ ለመንኳት። «እማዬ፣ እኔ ከቀረሁ ማን ያዋልዳቸዋል?» አለችኝ። ወንድሟን ቀስ በል እያልኩ፣ እርሷን ለሰው ድረሽ እያልኩ ያሳደግሁ እኔ ነኝ፤ አሁን ምን ልበላት? ሻንጣዋን አዘጋጅታለች። ከወንድሟ ጋር የሚመሳሰል አተጣጠፍ አላት፤ ሹራቡን ከላይ ታደርገዋለች።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ የምለምንዎ ብዙ አይደለም። መጋዘኑን ያስከፍቱልኝ። ጎማውን ከወንበሮቹ ላይ አንሥተው በመኪናው ሥር ያሳስሩልኝ። ሐሙስ ጠዋት ከግቢው በር ላይ እገኛለሁ። ጎማው ታስሮ ካየሁ በሩን በገዛ እጄ ከፍቼ፣ መርቄዎት፣ ልጄን እሸኛለሁ። ካልታሰረ ግን ከፊተኛው ጎማ ሥር እቀመጣለሁ፤ ማንም አያስነሣኝም። ይህን እንደ ዛቻ እንዳይቆጥሩብኝ። ዛቻ የሚያምርበት የሚያጣው ነገር ያለው ሰው ነው፤ እኔ የማሳውቅዎ መኪናው ሐሙስ ዕለት በየት በኩል እንደሚያልፍ ብቻ ነው።

ለሕዝብ ንብረት ስላለዎት ጭንቀት፣ ለመመሪያዎ ጽናት፣ በቀብሩ ዕለት ስለላኩት የሚያምር የአበባ ጉንጉን እጅ እየነሣሁ፣ ወገብዎን ፈጣሪ እንዲያበረታልዎ፣ እንቅልፍዎም እንደ እኔ እንዳይሆን እየተመኘሁ እሰናበትዎታለሁ።

አክባሪዎ፣
የ«ቀስ በል» እናት፣ የአዋላጇም እናት

ከፈረምኩ በኋላ ያየሁት፦ ይህን ወረቀት ልለጥፍ ስመጣ ጥቁሯ መኪናዎ ከበሩ ጎን ቆማለች። የኋላ ግራ ጎማዋ ሚስማር ይዟል፤ ጆሮዬን ሳስጠጋ ቀስ እያለ ሲተነፍስ ሰማሁት። እኔ አልነካሁትም። ዘበኛውን «ግባና ንገራቸው» ስለው «ሳይጠሩኝ አልገባም» አለኝ፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ጻፍኩት። ከኋላዋ በቆዳ ልባስ የተሰቀለው መቀየሪያ ጎማዎ አዲስ ነው። እባክዎ ሳይመሽ ያስቀይሩት። እናትዎ በሕይወት እንዳሉ ሰምቻለሁ።