ሐይቁ የሰጠን መሬት

ለልጄ ለሃዊ፣

የጌታ ሰላም ባለሽበት ሁሉ ይቅደምሽ። አካም ጅርታ፣ የኔ ልጅ? ጉንፋኑ ለቀቀሽ? እኛ እዚህ መቂ ደህና ነን፤ ላሟም ወልዳለች። የአባትሽ ወገብ ግን ያው ነው፤ እረፍ ቢሉት አይሰማም።

የዝዋይ ሐይቅ ሸሽቶ ከማሳችን በታች ባዶ መሬት ሲተው አባትሽ ሽንኩርት ተክሎበት የለ? እኔ ሞኟም ቸርች ቆሜ «ጌታ መሬታችንን አሰፋልን» ብዬ መሰከርኩ፤ ሰዉ ሁሉ እልል አለልኝ። ስወጣ ከቱሉ ጉዶ ደሴት ሰው በጀልባ የሚያመላልሱት ኦቦ ጉቱ በር ላይ ጠብቀውኝ፣ «ኤቢሴ፣ ድሮ ጀልባዬን የማስርበት ዋርካ እኮ ዛሬ ሽንኩርታችሁ መሃል ነው የቆመው» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ የሐይቁን ውሃ የሚስበው ሞተራችን በተነሳ ቁጥር ወጥቼ ያንን ዋርካ አያለሁ። አባትሽ በየዓመቱ ቱቦ ይቀጥላል፤ ውሃውም በየዓመቱ ይርቀዋል። እርግጥ ዳርቻው ሁሉ ሞተር ነው፤ የእኔ እጅ የሚደርሰው ግን የራሳችን ላይ ብቻ ነው።

እና ልጄ፣ ለአባትሽ ልትልኪለት ያሰብሽውን ትልቁን ሞተር ባክሽ ተዪው። ከጠየቀሽ እናቴ ናት ያስቀረችው በይው፤ ቢቀየም እኔን ይቀየም።

ጌታ በወጣሽ በገባሽበት ይከተልሽ፤ ለወግ ለማዕረግ ያብቃሽ። እሑድ ደግሜ ልቆም ነው፤ ያን ቀን የመሰከርኩት ተሳስቼ ነው ልል። እልል የሚልልኝ አይኖርምና አንቺ ጸልዪልኝ።

እናትሽ ኤቢሴ