የሞተሩ ክዳን

ጥቅምት 4
ዮዲ ከትምህርት ቤት መልስ ብቅ አለች። የጎረቤቴ ልጅ፣ አሁን መምህርት። ስልኳ ላይ ሦስት የአውሮፕላን ፎቶ...
"ጋሼ ጌታነህ፣ እውነት ነው ውሸት?"
ፌስቡክ ላይ ሰው ይከራከራል፣ እሷ "የድሮ ሜካኒክ ጎረቤት አለኝ" ብላ ፍርዴን ትለጥፋለች። አንደኛው፣ ፀሐዩም ጥላውም በአንድ ወገን። ውሸት። ሁለተኛው፣ ክንፉ ላይ የተጻፈው ቁጥርም ፊደልም አይደለም። ውሸት። ሦስተኛው እውነት። ስንስቅ አመሸን።

ጥቅምት 9
የዛሬው ጥቁርና ነጭ ነው። የሶፊ ገጠርን ማሽላ እየታከከች የምትበር አውሮፕላን፣ የአንበጣ መድኃኒት የምንረጭባት። የሞተሯ ክዳን ተከፍቷል፣ አብራሪው ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። የአንድ ሟች መምህር ልጅ ከአባቱ ሳጥን አገኘሁት፣ በወደቀችበት ጠዋት የተነሳ ነው ብሎ ለጥፎታል።
"በኮምፒውተር የተሠራ ነው ይላሉ፣ ጋሼ።"
"ውሸት ነው" አልኳት። ቶሎ። ለምን እንዲህ ቶሎ?

ጥቅምት 10
ጥላው ልክ ነው። ሁሉም ልክ ነው።
ያን ጠዋት የክዳኑን ብሎኖች ሳላጠብቅ "ታይቷል" ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ። አብራሪው ካፒቴን ኒቆዲሞስ ተነስቶ ብዙም ሳይቆይ ወድቆ ሞተ። ሪፖርቱ "ያለ ልክ ዝቅ ብሎ በረረ" አለ። ከተማው "ሰክሮ ነበር" አለ። እኔ ዝም...
ፎቶው ላይ ፊቱ አይታይም። ዓይኔን ስጨፍን ግን ወደ እኔ ይዞራል።

ጥቅምት 15
ወይዘሮ ገላነሽ መጡ። የካፒቴኑ ሚስት። ከሸዋ በር ድረስ በእግራቸው።
"ፎቶው ውሸት ነው ያሉት እርስዎ ነዎት አሉ።"
"አዎ..."
"እንግዲያው ችግሩ ክዳኑ አልነበረም፣ እውነትም ሰክሮ ነበር?"
ከዚህ በላይ አልቻልኩም። ነገርኳቸው። ብሎኑን፣ ፊርማውን፣ ዝምታዬን። አላለቀሱም።
"ሠላሳ ስምንት ዓመት እድር ላይ አጠገቤ ሲቀመጡ!"
በሩ ጋ ደርሰው ዞሩ። "ለእኔ ብቻ መንገርዎ አይበቃም።"

ጥቅምት 16
ለዮዲም ነገርኳት። ፌስቡክ ላይ የለጠፈችውን ፍርዴን "ፎቶው እውነት ነው" ብላ አስተካከለችው። ሻይዋን ሳትጨርስ ሄደች።

ጥቅምት 22
የእድር ስብሰባ። ጥፋቴን ጽፌ ሄድኩ። ግማሹን ሳነብ ዳኛው ኪዳነወልድ "በቃ፣ ገብቶናል፣ ተቀመጥ" አለ። ለእኔ አዝኖ ይመስለኛል። አልተቀመጥኩም፣ እስከ መጨረሻው አነበብኩ። ማንም ቀና ብሎ አላየኝም።
ወይዘሮ ገላነሽ ብድግ አሉ።
"የመጨረሻዋን ይድገሙልኝ። ከኋላ ያሉት አልሰሙም።"
ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ "ካፒቴን ኒቆዲሞስ አልሰከረም። ጥፋቱ የእኔ ነው" አልኩ።