የተረፈበት ሄልሜት

እሑድ

እልል ብዬ ብዬ ድምፄ ተዘጋ። ባሌ ግርማ ዛሬ ቸርች መድረክ ላይ ወጥቶ መሰከረ። ሄልሜቱን ይዞ። እኔ እንኳ ቤት ይተወዋል ብዬ ነበር። በሁለት እጁ ከፍ ሲያደርገው ሰው ሁሉ ከመቀመጫው ተነሣ።

እውነቱን ነው፣ ተርፏል። ከአሥር ቀን በፊት ከእንጦጦ ሲወርድ እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅጠል ላይ ሞተሩ ከሥሩ ሸሸና ሄልሜት የደፋው ጭንቅላቱ ከመንገዱ ጠርዝ ድንጋይ ጋር ተላተመ። ተነሣ፣ ጭቃውን አራገፈ፣ ሥራ ገባ። ችግኝ ጣቢያ ነው የሚሠራው፤ ተራራው ላይ ካንዱ መደብ ወደ ሌላው በሞተር ሲዞር ይውላል። ማታ ሲነግረኝ እየበላ ነበር። እኔ ግን መብላት አቃተኝ።

ዛሬ መጋቢያችን በመጽሐፍ ቅዱስ ስለ መዳን ራስ ቁር የተጻፈውን አንሥቶ ሰበከ። ሄልሜቱ ከወንበር ወንበር ዞረ። ሰው ጭረቱን በጣቱ እየዳበሰ ያለቅሳል። እኔም አለቀስኩ። በታክሲ ስንመለስ ጭኔ ላይ ነበር፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ዓይኔ ከጭረቱ አልነሣ አለኝ።

ሰኞ

ሞተሩ ጋራዥ ስለገባ ግርማ በታክሲ ሄደ። እኔም ሄልሜቱን ላጥበው ተነሣሁ። የስንቱ ሰው እጅ ነክቶታል፣ የላቡ ሽታ ደግሞ አይጣል ነው።

ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ጳውሎስ ሆስፒታል አካባቢ ለሕክምና ተማሪዎች ነጭ ጋውን እሰፋለሁ። ገበር ካየሁ ሳልፈታ አላልፍም። የውስጡን ጨርቅ አንድ በአንድ አላቅቄ አወጣሁት። ሥሩ ነጭ ፎም ነው፤ አዲስ ቴሌቪዥን በካርቶን ሲመጣ ዙሪያውን የሚደግፈው ዓይነት። በግራ በኩል ከጆሮ በላይ ተሰንጥቋል። የመሐል ጣቴን ያህል ይረዝማል። አጠገቡ ያለው ተጨፍልቆ ሳስቷል። በአውራ ጣቴ ጫን ባደርገው ጥርስ እንደተነቀለበት ድድ ገባ አለ።

እጄን ቶሎ አወጣሁ።

ጨርቁን በለብ ያለ ውሃና በሻምፖ አጠብኩ፣ አደረቅኩ፣ መልሼ ገጠምኩት። ከውጭ ሲያዩት ምንም የለውም፤ እንዲያውም አምሮበታል። ግርማ ማታ አሽትቶት "ተባረኪ" አለኝ። ስለ ስንጥቁ አልነገርኩትም። ትናንት እልል ብዬ ዛሬ ምን ልበለው?

ማክሰኞ

ዛሬ ሞተሩ መጣ። ያንኑ ሄልሜት ደፍቶ ወጣ። በሩ ላይ ቆሜ ድምፁ እስኪጠፋ ሰማሁ።

በምሳ ሰዓት አዲሱ ገበያ ሄድኩ። የሞተር ዕቃ የሚሸጡ አንድ ሽበታም ሰውዬ አሉ። ስልኬ ላይ ያነሣሁትን ፎቶ አሳየኋቸው። አጉልተው አዩና "ባለቤቱ አለ?" አሉኝ። መጀመሪያ የት ነው የሚሉኝ መስሎኝ ነበር። በሕይወት አለ ወይ ማለታቸው ነው።

አለ፣ ምንም አልሆነም አልኳቸው።

"እንግዲያው ይሄ ሥራውን ጨርሷል፣ አሳርፉት" አሉ። ፎሙ ሰውን የሚያድነው ራሱ ተጨፍልቆ ነው፤ አንዴ ከተጨፈለቀ ደግሞ አይመለስም። ሁለተኛ ቢወድቅ ድስት ደፍቶ እንደመሄድ ነው አሉኝ።

አዲስ ለሚገዛ የነገሩኝን እዚህ ልጻፍ፣ እንዳልረሳው፦

ከቅንድብ በላይ ዙሪያውን በሜትር መለካት።
ሲደፋ ጉንጭን ጫን ማለት አለበት። ቀለል ብሎ የሚገባ ሰፊ ነው።
አስረውት ሲያወዛውዙት የግንባር ቆዳ አብሮ ካልሄደ መተው።
መደርደሪያ ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመውን አለመውሰድ።
በቤንዚን አለመወልወል። (ግርማ በምን ሲወለውለው እንደከረመ እግዜር ይወቅ።)
ያገለገለ አለመግዛት። የሰው ዕቃ ታሪኩ አይታወቅም።

እስኪመሽ ስልክ በጮኸ ቁጥር ክፉ ወሬ መጣ እያልኩ ነው የዋልኩት ብል ውሸት አይደለም።

ረቡዕ

ሞከርኩ። ቁርስ ላይ "ሄልሜትህን ብንቀይረውስ?" አልኩት።

"ያተረፈኝን?" አለ። ዳቦውን አስቀመጠው።

ሽታው አይለቅም፣ ደግሞም ሰፍቶሃል ምናምን ብዬ ቀባጠርኩ። ዋናውን ነገር ምላሴ ላይ ድረስ አምጥቼ ዋጥኩት። አምና ሞተሩን ተውና የቢሮ ሥራ ጠይቅ ስለው "እምነት ጎድሎሻል" ብሎኛል። ያቺ ቃል እስካሁን አልወጣችልኝም። አሁን ደግሞ ጉባኤው በሙሉ ያለቀሰበትን ነገር ተሰብሯል ብል ምን ልባል ነው? ሆድ ይፍጀው አልኩ።

ማታ ግን ጭንቅላቱን በሜትር ለካሁት። ለብርድ ቆብ ልሥራልህ አልኩት። አመነኝ።

ሐሙስ

ገዛሁት! ጥቁር፣ ፊት ድረስ የሚሸፍን። ሰውዬው ከካርቶኑ ሲያወጡት እኔው ራሴ ደፍቼ ፈተሽኩት፤ ሱቁ ውስጥ ያሉት ሁሉ ሳቁብኝ።

የጋብቻችን ቀን ስጦታ ነው ብዬ ሰጠሁት። ቀኑ ሁለት ሳምንት ይቀረዋል። ግርማ እንደሆነ በዘጠኝ ዓመት አንድም ቀን አስታውሶት አያውቅም፤ ደንግጦ "ረሳሁት፣ ይቅርታ" አለኝ። አሳዘነኝ። ግን ደፋው። ጉንጮቹ ወደ አፉ ተሰብስበው የሕፃን ልጅ ፊት መሰለ። ማሰሪያውን እኔ አጥብቄ አሰርኩለት፣ ግራ ቀኝ አወዛወዝኩት፣ ግንባሩ አብሮ ሄደ። አለቀ ደቀቀ።

አሮጌውን ቁም ሣጥን ላይ አስቀመጠው። እዚያው ይቀመጥ፣ ለልጅ ልጅ ያሳየው፣ እኔ ምን ቸገረኝ። ዛሬ ጥሩ እንቅልፍ እተኛለሁ።

ዓርብ

ከሥራ ስመለስ አሮጌው ሄልሜት ቁም ሣጥኑ ላይ የለም።

ለካ ግርማ ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄድ ይዞት ወጥቶ ለወንጌላዊ ቶሎሳ ሰጣቸው። ወንጌላዊ ቶሎሳ ሃምሳውን ያለፉ፣ የአራት ልጆች አባት ናቸው፤ በቸርቹ ሞተር ከሱሉልታ ወዲያ ያሉትን መንደሮች እየዞሩ ያስተምራሉ። እስከ ዛሬ የሚደፉት የግንበኛ ቆብ ነበር። "እኔ አዲስ አገኘሁ፣ እሳቸው በዚያ ቆብ ሲንከራተቱ ዝም ልበል? በረከቱ ይድረሳቸው አልኩ" አለኝ። ዓይኑ በደስታ ያበራል። እንዴት ተቀበሉት ብዬ ስጠይቀው ግንባራቸውን አስነክተው ተቀበሉት አለ።

ያ ስንጥቅ ታየኝ። አፌ ግን "ጥሩ አደረግህ" ነው ያለው። በገዛ ጆሮዬ ሰማሁት።

ልብስ ላስገባ ብዬ ወጥቼ ደወልኩላቸው። ስልካቸው ዝግ ነው። ባለቤታቸው ጋ ደወልኩ፤ በጠዋት ወጥተዋል፣ እሑድ ነው የሚመለሱት፣ እዚያ ኔትወርክ የለም አለችኝ። ምነው፣ ደህና ነሽ? አለችኝ። ደህና ነኝ አልኳት።

ዝናቡ ከሰዓት ጀምሮ አላባራም። እንጦጦ በጉም ተሸፍኖ አይታይም። እሳቸው ያንን ቁልቁለት በዚያ ሄልሜት ነው የሚወርዱት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ፤ እኔ ደግሞ የደበቅሁት ሌላ ሰው ላይ ተጋባ።

ቅዳሜ

አሥራ አንድ ጊዜ ደወልኩ። ዝግ።

ጋውኑን ሊለካ የመጣ ተማሪ ለጓደኛው ሲያወራ ሰማሁ፤ ጠዋት ሆስፒታል በጭንቅላቱ የወደቀ ሞተረኛ መጥቶ ነበር ይላል። መቀሱን አስቀመጥኩ። "ስንት ዓመቱ ነው?" አልኩት። ግራ ተጋብቶ አየኝ። ወጣት ነው፣ ሃያ ምናምን አለ።

ተመስገን አልኩ። ወዲያው ደግሞ በራሴ አፈርኩ። ያም የእናት ልጅ ነው። ምን ዓይነት ሰው እየሆንኩ ነው?

ለግርማ ልንገረው ብዬ ሦስት ጊዜ ተነሣሁ፣ ሦስት ጊዜ ተቀመጥኩ። ቢያውቅ ምን ያደርጋል? በዚህ ጭቃ እየበረረ ሊፈልጋቸው ይሄዳል። እሱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። እጅጌ ገልብጬ ሰፍቼ ፈታሁት።

እሑድ

መጡ። በሕይወት። ከአምልኮ በፊት በር ላይ አየኋቸው።

ሲያበቃ ከግቢው ጥግ ወስጄ "ወንጌላዊ፣ ያ ሄልሜት ውስጡ ተሰንጥቋል። አውቄ ነው ዝም ያልኩት፤ ይቅር ይበሉኝ" አልኳቸው።

መሬት መሬት አዩ። "አይቼዋለሁ ልጄ" አሉ።

ትናንት ዝናብ አበስብሷቸው ጨርቁን ለማድረቅ ሲፈቱት አይተውታል። ዛሬ ደግሞ ያንኑ ደፍተው ሱሉልታን አቋርጠው፣ እንጦጦን ወርደው መጥተዋል።

"ታዲያ ለምን ደፉት?"

"ወንድሜ ጉባኤ ፊት ቆሞ የመሰከረበትን ነገር፣ ስብርባሪ ነው የሰጠኸኝ ብዬ እንዴት ልመልስለት?"

በጣም ተናደድኩ። በእሳቸውም፣ በራሴም። እኔ ሚስቱ ሆኜ ይሉኝታ ያዘኝ፣ እሳቸው አባት ሆነው ይሉኝታ ያዛቸው። ለዚህ ይሉኝታ አራት ልጆች አባት ሊያጡ ነበር። ያንን ስላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ግርማን ጠራሁት። እዚያው አግዳሚው ላይ ጨርቁን ፈትቼ አሳየሁት። ጣቱን ስንጥቁ ውስጥ ከተተ፣ እስከ ጫፉ ሄደ፣ ተመለሰ። ከዚያ ያንኑ እጁን አንሥቶ የራሱን ጭንቅላት ከጆሮው በላይ ዳሰሰ።

"መቼ አየሽው?" አለኝ።

"ሰኞ።"

"ሰኞ" አለ። ቤት እንደደረስን ሄልሜቱን ራሱ በመጋዝ ለሁለት ሰንጥቆ ቆሻሻ ውስጥ ጣለው። ማንም አንሥቶ እንዳይደፋው ነው አለ። ወንጌላዊንም ገና ቸርች ሳለን፣ አዲስ እስኪገዛላቸው ሞተሩን እንዳይነኩ አስምሏቸዋል።

ሰኞ

ጠዋት ሞተሩን አወጣ። አዲሱን ደፋ፣ ማሰሪያውን አሰረ፣ ቁልፉን ከተተ። አላስነሣውም። ከበሩ ሆኜ አየዋለሁ። ብዙ ቆየ። ከዚያ ወረደና "አስቱ፣ ዛሬ በታክሲ ልሂድ" አለኝ።

ያን ዕለት ከወደቀ በኋላ በልቷል፣ ተኝቷል፣ መድረክ ላይ ወጥቶ ስቋል። አንዲትም ቀን አልተንቀጠቀጠም። ዛሬ እጁ ቁልፉን ማዞር አቃተው። ትንሽ እንዲፈራ ስጸልይ የኖርኩት እኔ ነኝ፤ እንዲህ ይሁን ግን አላልኩም። የችግኝ ጣቢያው ሥራ ያለ ሞተር አይሠራም። ነገስ? ከነገ ወዲያስ?

ማታ ሲገባ ዝም ልል ነበር፣ እንደ ልማዴ። አልቻልኩም።

"ፈርተሃል?" አልኩት።

ጫማውን እየፈታ ነበር። ቀና ሳይል "አዎ" አለኝ። በዘጠኝ ዓመት ትዳር ይቺን ቃል ከአፉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

"እኔም" አልኩት።

ከዚያ እራት አቀረብኩ፣ በላን።