ውሃ የጠጡ የሸክላ ዘንጎች

ሐምሌ 6፣ ጠዋት 3፡00
ማስታወሻዬ፣ ዛሬም ስድስት ዘንግ ሰበርኩ። አሠራሩ ያው ነው። ከሸክላ አፈርና ከተፈጨ ገል የተተኮሰች፣ ጣት የምታክል ዘንግ። ፈሳሽ ናይትሮጅን (ፈ.ና.) ውስጥ እነክራታለሁ፤ ሁለት ብረት ላይ አጋድማለሁ፤ ወገቧ ላይ ባልዲ አንጠልጥዬ አሸዋ እጨምራለሁ። ባልዲው ሳይጋመስ ቀጭ! በመጋቢት ሳልነክር የሰበርኳቸው ሙሉ ባልዲ ችለው ነበር። እንግዲህ ብርዱ ያደክማቸዋል ማለት ነው። ግራፉን ለአማካሪዬ ለዶ/ር ላክኩላቸው። ወደዱት፤ ለጥናት ጉባኤ በሁለታችን ስም አስገቡት። መመረቂያዬም በዚሁ ያልቃል። ተመስገን!

ሐምሌ 9
የቀረኝ አንድ ዘንግ ብቻ። እሱን ይዤ በባጃጅ ወደ ጉቶ ጊዳ፣ ዘንጎቹን ወደሚሠሩልኝ ሸክላ ሠሪ፣ አዴ ጫልቱ ዘንድ። ብርዱን እንዲችል ምን ጎደለው አልኳቸው። አንስተው ምላሳቸው ላይ አደረጉት። ደረቅ ሸክላ ምላስ ላይ ይጣበቃል፤ ይሄ አልተጣበቀም።
"ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ይሄ እኮ ውሃ ጠጥቷል! አዲስ ድስት እሳት ዳር ሳታሞቂ ትጥጃለሽ እንዴ?"
አፈርኩ። ለካ አጥቤ መስኮት ላይ ደርድሬያቸው ነበር። በሐምሌ! በነቀምቴ! ውስጣቸው የገባው ውሃ በረዶ ሆኖ ሰንጥቋቸው ቢሆንስ?

ሐምሌ 13
አዴ ጫልቱ የሰጡኝ አዲስ ዘንግ አለ፣ ፈ.ና. የለም። ላም አዳቃዩ ኦቦ ገመቹ የኮርማ ዘር ከሚያቆዩበት ፈ.ና. ላይ ትርፉን ነው የሚሰጡኝ። ለመንኳቸው። ላም ከሸክላ ይቀድማል፣ እስኪሞላልኝ ጠብቂ አሉ። ልክ ናቸው። ተናደድኩ ግን። ጉባኤው ዓርብ ነው።

ሐምሌ 16፣ ከሰዓት 9፡00
ተሞላላቸው! ዘንጎቹን ሦስት ቀን ምድጃ ዳር አድርቄያለሁ። አንድ በአንድ ላስኳቸው፤ ሁሉም ምላሴን ያዙ። ነከርኩ። ባልዲው ሞላ። ዝም። ድንጋይ ደረብኩበት። አሁንም ዝም። ጮኼ ሳቅሁ። ከዚያ ግራፌን አውጥቼ አየሁት፤ ውሸት ነው።

11፡00
ለዶ/ር ደወልኩ። ፕሮግራሙ ታትሟል፣ ለጊዜው በነበረው አቅርቢ፣ እርማቱ በኋላ ይደርሳል አሉ። መመረቂያሽን አስቢ አሉ። አስቤያለሁ። እፈራለሁም። ግን መድረኩ ላይ የምቆመው እኔ ነኝ። ያደከማቸው ብርዱ አይደለም፣ ሳላደርቅ የነከርኩት እኔ ነኝ ብዬ እጀምራለሁ። ሁለት ዘንግ በቦርሳዬ ከትቻለሁ፣ አንድ እርጥብ፣ አንድ ደረቅ። ያላመነ ይላሰው።