ጨፌው ላይ የተቆፈሩት ጉድጓዶች

ሐምሌ 15 ቀን 2007፣ ረቡዕ

ጉድጓዱ ተቆፍሮ አለቀ። እኔ ለስብሰባ ዳንግላ ደርሼ እስክመለስ ጨፌውን ከዳር እስከ ዳር ወንፊት አድርገውታል። ቅዳሜ የእንጅባራ ሰው ወጥቶ ችግኝ ሊተክልበት ነው። ችግኙ ደግሞ ዲከረንስ፣ ያ ለከሰል የምንተክለው ዛፍ። ረግረግ ላይ! የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ ተብዬ ደመወዝ የምበላው እኔ፤ ወሬውን የሰማሁት ከባጃጅ ሾፌር።

አለቃዬ አቶ ታደለ ዘንድ ገባሁ። ዛፉ ውሃውን መጥጦ ያደርቀዋል አልኩት። የታች ሰፈር ምንጭ በበጋ የሚፈሰው ጨፌው የክረምቱን ውሃ ይዞ ስለሚያቆይለት ነው አልኩት። ቁንጮ ያላቸው ሁለቱ ትልልቅ ወፎች ጎጆ የሚሠሩትም እዚያው ረጅሙ የውሃ ሳር፣ ፊላው ውስጥ ነው አልኩት። ሰውዬው ክፉ አይደለም፤ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ፣ ችግኙን ያፈሉት አባትሽ አይደሉም ወይ ብሎ ሳቀ።

እውነቱን ነው፤ የአባዬ ችግኝ ነው።

ሐምሌ 16፣ ሐሙስ

ኪዳነ ምሕረት ስለሆነች አባዬ ሥራ አልወጡም። ልነግራቸው ጥሩ ቀን ነበር። ግን እንዴት ብዬ?

ከቤታችን በላይ ያለው ተዳፋት ድሮ ዘር የማይመልስ ቀይ ገላጣ ነበር። አባዬ ግማሹን ዲከረንስ ተከሉበት፤ አፈሩ አገገመ፤ ዛሬ ድንች ያበቅላል። ሌላው ግማሽ እስካሁን ገላጣ ነው። ከዚያ ወዲህ ዲከረንስን እንደ ጠበል ነው የሚያዩት፣ ለሁሉም መሬት መድኃኒት። አሁን ደግሞ ከተማው በሙሉ የሳቸውን ችግኝ ሊተክል ነው። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ያልነገሩት ሰው የለም። ለቅዳሜ ብለው ጋቢያቸውን አሳጥበዋል። ሄጄ ተዉት ልበላቸው? አንጀቴ አልችል አለ።

አልኩ ግን።

“ሰው ዛፍ ሲተክል የሚከፋት ልጅ ነው ያስተማርኩት?” አሉኝ። እኔም እልኸኛ ነኝ፤ ከማን እንደወረስኩት ይታወቃል። ምሳ ሳንነጋገር በላን።

ሐምሌ 17፣ ዓርብ

ቢሮ አረፈድኩ። ይቅርታ እንኳ አልጠየቅሁም።

ጠዋት አባዬ ፈረሳችንን ዳማውን ሊያግጡ ሲወጡ ተከተልኳቸው። ጨፌው አሁን ክልክል ነው። አባዬና ሽማግሌዎቹ ክረምቱን በሙሉ ከብት አያስገቡበትም፤ የሚከፈተው በበጋ፣ ሌላው ሳር ሁሉ ሲደርቅ ነው። ያን ጊዜ የሰፈሩ ፈረስ ነፍሱን የሚያቆየው እዚያ ነው። ስለዚህ በዳር በዳሩ ሄድን። አንድ ጎረቤታችን ከዓመታት በፊት ከጨፌው ጫፍ ቆርሶ ዲከረንስ ከተከለበት ቦታ ደረስን። እንዲሁ ደረስን ብል ውሸት ነው፤ ገመዱን የያዝኩት እኔ ነኝ።

ዳማው ዛፎቹ መካከል ገባ። አሸተተ። የረገፈ ቅጠል ብቻ። በዚህ በሐምሌ ዝናብ ከዛፎቹ ሥር አንዲት የምትጋጥ ነገር የለችም። ቀና ብሎ ወደ ጨፌው አየና ገመዱን ጎተተብኝ። አባዬ ዱላቸውን መሬት ላይ ተከሉ፤ ትንሽ ገባና ቆመ። ተራምደው ጨፌው ዳር ተከሉት፤ እስከ እጃቸው ሰመጠ። ለፈረሱ ብቻ በአውንጊ ቋንቋ አንድ ነገር አሉት።



ሐምሌ 18፣ ቅዳሜ

ሰው ወጣ። አካፋ፣ ዶማ፣ ድምፅ ማጉያ፣ ቆብ ያደረጉ ተማሪዎች። ችግኙ በጋሪ ተጭኖ መጣ፤ አባዬ ያን የታጠበ ጋቢ ለብሰው ከፊት ተቀምጠዋል። ሳያቸው ተስፋ ቆረጥኩ። አንድ ዶማ አንስቼ እንደ ሰዉ ልተክል ተዘጋጀሁ።

ጋሪው ግን ጨፌው ጋ ሲደርስ አልቆመም። አቶ ታደለ ሮጦ ከፊቱ ቆመ። አባዬ ከጋሪው ሳይወርዱ እንዲህ አሉት፦

“ይህ ክልክል ነው። ፈረሴን ከልክዬ ከተማውን ላስገባ? ሲቆፈር ዝም ያልኩት ችግኙ የኔ ስለሆነ ነው። ተሳስቻለሁ። ዛፍ መትከል ካማራችሁ ገላጣው ያውላችሁ፤ ተከተሉኝ።”

ሌሎቹ ሽማግሌዎች አጠገባቸው መጥተው ቆሙ። አቶ ታደለ እኔን አየኝ፤ እኔ ጫማዬን አየሁ። መቼም ከሽማግሌ ጋር በድምፅ ማጉያ አይከራከሩም። ሰዉ እያጉረመረመ ጋሪውን ተከትሎ ተዳፋቱን ወጣ። አዲስ ጉድጓድ መቆፈር ነበረብን፤ መሬቱ ድንጋይ ነው። እጄ ውሃ ቋጥሯል። ደስ ብሎኛል።

ሐምሌ 19፣ እሑድ

ከገብርኤል ስንመለስ አባዬ ራሳቸው በጨፌው በኩል እንዙር አሉ። ዳር ላይ ቆሙ።

“ያልታመመ መሬት ልናክም ነበር” አሉ። ለእኔ ይሁን ለራሳቸው አላወቅሁም። እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉ፤ ከሐሙስ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። እንባዬ መጣ። ዝናቡ ነው ብዬ ጠረግሁት።

አቶ ታደለ ቦታውን ለከርሞ ከተከላ ያወጣው እንደሆነ ገና እንጃ። ሰኞ እገባበታለሁ። ጉድጓዶቹ ውሃ ሞልተው እንቁራሪት ተንጫጭቶባቸዋል። ከሁለቱ ወፎች አንዱን ብቻ አየሁ። ሌላዋ ፊላው ውስጥ ዕንቁላል ታቅፋ ይሆናል፤ ገብቼ እንዳላይ ክልክል ነው።