ድንቡሼን ያከሳው ኪኒን

ጥቅምት 3
እንደወትሮው ላብራቶሪ ዋልኩ። የስብ ሴሎቼን መገብኩ፣ የምንሞክረውን መድኃኒት አንጠባጠብኩባቸው፣ የሚወስዱትን ኦክስጅን ለካሁ። ጨምሯል። ሰውነታችን ራሱ የሚሠራው ካናቢኖይድ አለ፣ ካናቢስ ቅጠል ውስጥ ያለውን የሚመስል... ሴሉን «አከማች፣ አታቃጥል» ይለዋል። የእኛ መድኃኒት የሴሉን ጆሮ ይደፍንበታል። ያኔ ስቡ ኦክስጅን እየበላ ይነድዳል። አለቃዬ «እሳት ለኮስሽበት!» ብላ ፈነደቀች።
ስወጣ ታናሽ ወንድሜ ደወለ። የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ቤተሰቡ ድንቡሼ ይለዋል።
«እታለም፣ ቀበቶዬ አዲስ ቀዳዳ ተበሳለት!»
የስፖርት ቤቱ አሠልጣኝ የሚያከሳ ኪኒን ሸጦለታል። ከቅጠል የተሠራ ነው ብሎት። «ቅጠል ቢያከሳ ፍየል ባጥንቷ ትቀር ነበር» ስለው በሳቅ ሞተ።

ጥቅምት 19
እሱ ቤት ምሳ በላን። በላን ማለት... እሱ አልበላም። ትንሿ ልጁ ፈረስ ሁንልኝ ብላ ጀርባው ላይ ስትወጣ «ውረጂ» አላት። እሱ!
ሚስቱ ኩሽና ውስጥ ሹክ አለችኝ። «ከሳልኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ግን ሰውዬው ራሱ የለም።»
«ደክሞት ይሆናል» አልኳት። ለምን እንዲያ አልኩ? እኔም እኮ አይቼዋለሁ። ከኪኒኑ አንድ ፍሬ ሰጠችኝ፣ መሀረቤ ውስጥ ቋጥሬ ወጣሁ።

ጥቅምት 22
ኪኒኑን ኬሚስቱ ባልደረባዬ መረመረልኝ። ሲመጣ አልተቀመጠም።
«ቅጠል አይደለም። የእናንተው ዓይነት ነው።»
የእኛው... ሴሎቼ ላይ የማንጠባጥበው! ያ ጆሮ ስብ ላይ ብቻ አይደለም ያለው፣ አንጎልም ውስጥ ሞልቷል። እዚያ ሲደፈን ደስታ ይነጥፋል። አንዳንዱ ሰው ራሱን እስከ መጥላት... ይሄ ዓይነቱ ድሮ ከገበያ የወጣው ለዚህ ነው፣ አንብቤዋለሁ። ሳህን ውስጥ ያለ ሴል ግን አያዝንም፣ እኔም ረሳሁት።
ደወልኩ። ወንድሜ አያነሳም። ደግሜ ደወልኩ...

ጥቅምት 23
የትናንቱን ሳልጨርስ ወጣሁ።
መሥሪያ ቤቱ ስደውል «አውቶቡሱ ድልድዩ አጠገብ ቆሟል፣ በሬዲዮም አይመልስም» አሉኝ። በታክሲ በረርኩ። ተሳፋሪዎቹ መንገድ ዳር ቆመው ያጉረመርማሉ። እሱ ውስጥ ብቻውን፣ መሪውን ጨብጦ። ሳንኳኳ ከፈተልኝ።
«ተበላሸ እንዴ?»
«አልተበላሸም።»
«ታዲያ?»
«ድልድዩን ሳየው ውስጤ ‹መሪውን አዙረው› አለኝ። ሰዎቹን አወረድኳቸው... እነሱ ምን አደረጉ?»
የሞተሩን ቁልፍ ነቀልኩ። «ይሄ አንተ አይደለህም፣ ኪኒኑ ነው» አልኩት።
«ኪኒኑ ነው?» እንደ ሕፃን ዓይን ዓይኔን እያየ። ክንዱን ይዤ ሆስፒታል አስገባሁት።

ጥቅምት 27
አሁንም ሆስፒታል ነው። ኪኒኑን አስቁመውታል። ሐኪሟ «ሰውነቱ ውስጥ ይቆያል፤ ለብቻው እንዳትተዉት» አለች። ከሚስቱ ጋር እየተፈራረቅን እንጠብቀዋለን። ስልክ በጮኸ ቁጥር ነፍሴ ትወጣለች። አሠልጣኙን ፖሊስ ይዞታል። ግን ለስንቱ ሸጦ ይሆን?

ኅዳር 20
አለቃዬ «ኦክስጅኑ ዛሬም ጨመረ!» ብላ መጣች። ደስ አላለኝም። «አንጎል የማይገባ መድኃኒት እስክናገኝ ይሄን አልነካም» አልኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር። ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች።
ወንድሜ ቤቱ ገብቷል። መንዳት ገና አልተፈቀደለትም። ምሳ ሰዓት ላይ ራሱ ደወለ።
«እታለም፣ ፈራሁ።»
ወንበሬን ገፍቼ ተነሳሁ። «ምን መጣብህ?»
«ምንም አልመጣም። ያን ቀን ለሰዎቹ እንጂ ለራሴ አልፈራሁም ነበር። ዛሬ ትዝ ሲለኝ ላብ አጠመቀኝ። ብሞት ኖሮስ? እያልኩ...»
እንባዬ ቀደመኝ።
«በል ፍራ» አልኩት። «ፍራልኝ የኔ ወንድም። መጣሁ፣ አብረን እንፈራለን።»